የንስሐ አባቴና የሞተሬ ሞላ

ቅዳሴ በአራት ሰው አይቀደስም። ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ መጋረጃው ተዘግቶ ይውላል። ይህን የተማርኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በደርግ ዘመን፣ መቂ ላይ የአማርኛ መምህር ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ነው።

ከዝዋይ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ሐይቁ በሚወርደው የአፈር መንገድ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያ የሚኖሩት አንድ ቄስና ሁለት ዲያቆናት ብቻ ነበሩ። አራተኛው ልዑክ፣ ሦስተኛው ዲያቆን፣ እኔ ነበርኩ፤ አምስተኛው ንስሐ አባቴ። ሁለታችንም የምንኖረው መቂ ስለ ነበር በየቅዳሜው በአንዲት ሞተር ብስክሌት ተሳፍረን እንወርድ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ብንቀር እሑድ ሊቆርብ የጾመ ሳይቆርብ ይውላል፤ ሊጠመቅ የመጣም ሕፃን እንደ መጣ ይመለሳል።

ሚስቴን የቀበርኩት በጎልማሳነቴ ነው። ዲያቆን ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ያገባ እንደሆነ አገልግሎቱ ይቀራል። ዘመዶቼ «ቢቀርስ? ደመወዝ የሚከፍልህ መንግሥት እንደሆነ ስለ ክህነትህ አይጠይቅህ!» ይሉኝ ነበር። አላገባሁም። ልጅም አላፈራንም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠዋት የቆለፍኩትን በር ራሴ እከፍታለሁ፤ ጠዋት ያስቀመጥኩትን ጽዋ ካስቀመጥኩበት አገኘዋለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼ «ጓድ ዲያቆን» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ አልከፋኝም። የከፋኝ ከቀልዱ በኋላ ወንበራቸውን ሸሸት ማድረጋቸው ነበር። በዚያ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ሰው አጠገብ መቀመጥም ያስጠይቅ ይሆናል ብለው ይሰጉ ነበርና አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ከሳምንቱ የእኔ የምለው ቀን ቅዳሜ ነበር። ንስሐ አባቴ ከሸዋ ደጋ የወረዱ፣ ረጅም፣ ድምፀ ቀጭን፣ ጨዋታ የሚወዱ አባት ነበሩ። ጥምጥማቸውን ነፋስ እንዳይፈታው በነጠላ ይሸፍኑታል፤ መስቀላቸውን በደረታቸው ይሸጉጣሉ፤ በአንድ እጃቸው ወገቤን፣ በሌላው የመቀመጫውን ጠርዝ ይይዛሉ። አስፋልቱን እንደ ያዝን ዜማ ይመራሉ፤ እኔ እቀበላለሁ። የሞተሩ ድምፅ ስለሚውጠን እንጯጯኻለን። ጋሪ ነጂዎች የተጣላን መስሏቸው ዞረው ይመለከቱን ነበር።

ሞተሯን የገዛሁት ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያ ነው። ለእኔ ብቻ ቢሆን እንከን አልነበራትም። ሁለት ሆነን ስንቀመጥ ግን ጀርባዋ ይሰምጣል። ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የቆሙት፣ ሞላ የተጠመጠመባቸው ሁለት አሞርዛተሮች የእኛን ክብደት መቋቋም አቃታቸው። አስፋልቱን ለቅቀን የአፈሩን መንገድ ስንይዝ፣ በየጎድጓዳው ብረት ከብረት ይጋጭና ምቱ በቀጥታ ወደ አባቴ ወገብ ይወጣል። ወገባቸው ደግሞ ከድሮም የታመመ ነበር። አንድ እሑድ ቅዳሴው ሲፈጸም ከቆሙበት መንቀሳቀስ አቅቷቸው ደግፈን አወጣናቸው። «ልጄ፣ መቆሙንስ እቆማለሁ፤ እዚህ መድረሱ ነው የሚገድለኝ» አሉኝ። ያን ቀን ፈራሁ። አምስተኛው ከቀረ አራታችን ከንቱ ነን።

ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ ናዝሬት ወረድኩ። የዚያ ዓይነት ሞተር ወኪል የነበረውን መደብር መንግሥት ወርሶት ነበር። ከመስታወቱ በስተጀርባ አንዲት አዲስ ሞተር ላስቲኳ ሳይገለጥ ቆማለች። ባንኮኒው ላይ ሪዙን ያሳመረ ወጣት ሠራተኛ ከባልደረባው ጋር ያወጋል።

«ምን ነበር፣ ጓድ?» አለኝ።

«ከመቂ ነው የመጣሁት፤ መምህር ነኝ። የሞተሬን የኋላ አሞርዛተር ላስተካክል ፈልጌ ነበር።»

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም። ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ይሰምጣል። የሚጠነክርበት መንገድ ካለ ብዬ ነው።»

«ካልተበላሸ ምኑ ይሠራል? እኛ ጤነኛ አናክምም።»

«የታመመ ቢሆንስ?»

«የታመመ ከሆነ መለዋወጫ የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ኮታው ሲመጣ።»

«ኮታውስ?»

«ጓድ መምህር፣ እኔ ሻጭ እንጂ ነቢይ አይደለሁም! ለመሆኑ ሞተሩን ከእኛ ነው የገዙት?»

«ከአንድ ፈረንጅ ነው።»

«እንግዲያስ ፈረንጁን ይጠይቁታላ።»

ባልደረባው ሳቀ። እኔ ግን እንዲሁ መመለስ አልሆነልኝም። «የአሠራር መጽሐፉን እንኳ አሳየኝ፤ ሥዕሉን አይቼ ራሴ እሞክረዋለሁ» አልኩት።

«መጽሐፉ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ኃላፊያችን ጋ ነው። ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ስብሰባው መቼ ያልቃል?»

«ስብሰባ ደግሞ ያልቃል እንዴ?» ብሎ ወዲያው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ የሰማው እንዳለ ለማረጋገጥ። ከዚያ ወሬውን ለመለወጥ ይመስለኛል፣ «ለመሆኑ ከኋላ የሚያሳፍሩት ማንን ነው? እመቤቲቱን?» አለኝ።

«ንስሐ አባቴን» አልኩት።

መደብሩ በሳቅ ሞላ። «ቄስ በሞተር! ጥምጥማቸውስ?» አለ አንዱ። «በበቅሎ ይውሰዷቸው እንጂ፣ ጓድ መምህር! የበቅሎ መለዋወጫ ጭድ ነው፤ ኮታ አይጠብቅም» አለ ሌላው። የሳቁብኝ በክፋት አልነበረም። ነገር ግን ከሚሳሳቁ ሰዎች መካከል ብቻዬን ወጥቼ፣ በናዝሬት ፀሐይና አቧራ ውስጥ ሞተሬን ሳስነሳ፣ በዚያ ሁሉ ከተማ የአንድ አረጋዊ ወገብ የሚገደው ሌላ ሰው እንደሌለ ታወቀኝ። እስከ ሞጆ ድረስ አንድ ዜማ እንኳ አላወጣሁም።

መቂ ገብቼ ሞተሯን ግቢ ውስጥ አቁሜ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ አሞርዛተሮቹን እንደ አዲስ መጽሐፍ አነበብኳቸው። ሞላው ታች የሚያርፈው በአንድ ቀለበት ላይ ነው። የቀለበቱ ጠርዝ እንደ ደረጃ ተቆርጧል። ቀለበቱ ሲዞር ሞላው ደረጃውን ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይጨመቃል፤ በተጨመቀ ቁጥር ይጠነክራል። የሚያዞረው መሣሪያ ግን አልነበረኝም። የጋሪ ጎማ ወደሚጠግን ጎረቤቴ ሄጄ ጫፉ የተቆለመመ ብረት እንዲሠራልኝ ለመንኩት።

«አካም ጅርቱ፣ መምህር!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ነገሩን ከነገርኩት በኋላም፣ «ቄሱ ወደቁብህ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ገና አልወደቁም።»

«ይህን ከሠራሁልህ በኋላ ቢወድቁ እኔ የለሁበትም። ጎረቤት እስላሙ ጣላቸው ይላል!» እየሳቀ ቀጥቅጦ ሰጠኝ።

እኔ በተማርኩት ትምህርት ሸክም የሚሸከም ሁሉ ጽኑ ይሁን የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ ነበር። ዓምድ ጽኑ ነው፤ መሠረትም ጽኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቀለበቶች እስከ መጨረሻው ደረጃ አወጣኋቸው። ቅዳሜ ዕለት የአፈሩን መንገድ እንደ ያዝን፣ ከአንድ ጎድጓዳ ስንወጣ አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በአየር ላይ ጥቂት ቆይተው፣ መልሰው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አቁማት» አሉኝ። አቆምኩ። ከሞተሯ ወርደው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ በመንገዱ ዳር ያለውን የግራር እሾህ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ድሮ ትሰምጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ ትራገጣለች። ከሁለቱ መስመጡን መረጥኩ። የሰመጠ ይወጣል፤ እዚያ እሾህ ውስጥ የተወረወረን ግን ማን ይለቅመዋል?»

እዚያው መንገድ ዳር ተንበርክኬ ሞላውን ወደ መካከለኛው ደረጃ መለስኩት። እርሳቸው በጥላቸው እየከለሉኝ፣ «ይኸውልህ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት ፈረስ አደረግሃት» ይሉኝ ነበር። እንዳሉትም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጎድጓዳው ሲመጣ ጀርባዋ ዝቅ ብሎ ይቀበለናል፤ ቀስ ብሎም ይመልሰናል።

በዚህ መካከል ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ሥርዓት ተበጀ። ዓቢይ ጾም ሲገባ አባቴ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ፀሐይ ስታዘነብል ብቻ ይቀምሳሉ። ጾሙ ሲጋመስ ይቀልላሉ፤ የቀለለን ሰው ደግሞ ጠንካራ ሞላ ይወረውረዋል። ስለዚህ በጾሙ አጋማሽ ሞላውን አንድ ደረጃ አላላዋለሁ፤ ፋሲካ ውሎ ሰውነታቸው ሲመለስ አጠነክረዋለሁ። «ሁዳዴ ገባ፤ ፈረስህንም አጹማት» ይሉኛል። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ፣ «ፈስኩ ተብሏል፤ ለእርሷም ንገራት!» ባሕረ ሐሳብን ያስተማሩኝ መምህር ይህን የሞላ አጽዋማት ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

እንዲህ ስንኖር አንድ ዓመት ፋሲካ አልፎ ሞላውን እንደ ልማዴ አጠነከርኩት። በመጀመሪያው ጎድጓዳ አባቴ ቃተቱ። «ሥጋው ገና አልደረሰብኝም» አሉ፤ ሳቅን። መልሼ አላላሁት። የሰኔ ጾም መጣ፤ አንድ ደረጃ አወረድኩ። ፍልሰታ ገባች፤ ወደ መጨረሻው አወረድኩ። ከዚያ በታች ደረጃ የለም። ሆኖም መንገዱ አሁንም ይጎዳቸው ነበር። በየምቱ ትንፋሻቸው ሲቆረጥ በጀርባዬ ይሰማኛል። ብረቱ ዝጓል፣ ውስጡ ያለው ዘይት ደርቋል አልኩ። ፍልሰታ እንደ ተፈታች ሁለተኛ ወደ ናዝሬት ወረድኩ።

ያው ሰው ነበር። «የቄሱ ሾፌር!» ብሎ ተቀበለኝ፤ ምናልባት የሚጫወተው ባልደረባ አጥቶ ኖሮ፣ በዚህኛው ጊዜ ከባንኮኒው ወጣ። «ሞላው ደርቋል፤ ለስላሳ ሞላ ካላችሁ ልለውጠው» አልኩት። መቀመጫውን በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቀው፤ ሞተሯ ዝቅ ብላ በእርጋታ ተመለሰች። ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን አየ።

«ምንም አልሆነ። ደግሞም ከዚህ በታች መላላት የለም፣ ጓድ መምህር። እዚህ ደረጃ ላይ የሚደረገው ብቻውን ለሚሄድ ሰው ነው።»

«እኔ ብቻዬን አልሄድም። ሰው አሳፍራለሁ።»

«እርስዎ ያሳፍራሉ፤ ሞላው ግን አላወቀም!» ብሎ ሳቀ። ከዚያም፣ «ለመሆኑ ቄሱ ምን ያህል ይከብዳሉ?» አለኝ።

ዐይኔ ባዶው የኋላ መቀመጫ ላይ ዐረፈ። እርሱም ደንበኛ መጥቶበት ወደ ውስጥ ገባ። የሚረሳውን ቀልድ ነበር የቀለደው።

ስመለስ የቆቃ ውኃ ከሚታይበት ቦታ ስደርስ ሞተሯን አጠፋሁ። በዚያ ክረምት አባቴ ለብርዱ ነው እያሉ በቀሚሳቸው ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ካባ ይደርቡ ነበር። መቂ ደግሞ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ የላትም። ወገቤን የሚይዘው እጃቸውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሳሳ፣ በመጨረሻ የነጠላ ጫፍ ያረፈብኝ ያህል ሆኖ ነበር። ብረቱ መቅለላቸውን ሲነግረኝ ሰንብቷል፤ እኔ ግን ብረቱን ታሟል አልኩት እንጂ ወደ ኋላዬ ዞሬ አላየሁም።

ከቤታቸው ስደርስ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባቴ፣ ታመዋል» አልኳቸው።

«ማን ነገረህ?»

«ሞላው።»

ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «እኔ ሐኪም ስሸሽ ከርሜ ብረት አሳበቀብኝ በለኛ!»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታሳፍረኝ ነበር?»

እንስራው ዘንድ ሄጄ ውኃ ቀዳሁላቸው።

«መልስልኝ እንጂ።»

«አላሳፍርዎትም ነበር።»

«እንግዲያስ አምስተኛው ማን ሊሆን ነው? አንተ ሁለት ሰው ሆነህ ልትቆም ነው?»

በአውቶቡስ ወደ ናዝሬት ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ለብቻ ጠርቶ፣ «ልጃቸው ነዎት?» አለኝ። «የንስሐ ልጃቸው ነኝ» አልኩት። ሕመሙ የሆድ ዕቃ መሆኑን፣ ጊዜውም ማለፉን ነገረኝ። አባቴ ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ምን እንዳለኝ አልጠየቁኝም። «ቅዳሜ እንወርዳለን?» አሉኝ እንጂ።

ወረድን። አሁን አሳፍራቸው አላሳፍራቸው የሚለው ሐሳብ በየሳምንቱ ይከፋፍለኝ ነበር። ባሳፍራቸው ይጎዳሉ። ብተዋቸው የኖሩለት ነገር በእኔ እጅ ይቋረጣል። መቀመጫው ላይ ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩ፤ አስፋልቱን በዝግታ ሄድን። የአፈሩ መንገድ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ እየገፋሁ፣ እርሳቸው በመቋሚያቸው እየተደገፉ በእግራችን ወረድን። ወቅቱ ጽጌ ነበር። የሞተር ድምፅ ስላልነበረ ዜማውን ሳንጯጯኽ አዜምነው። ድምፃቸው ምን ያህል እንደ ደከመ ያን ጊዜ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ እግራቸውን በመቀመጫው ላይ ማሳለፍ አቃታቸው። ሞከሩ፤ ደገፍኳቸው፤ እንደ ገና ሞከሩ። «ሂድ» አሉኝ። ብቻዬን ሄድኩ።

በማግስቱ አራታችን ቆምን። የአጥቢያው ቄስ መንገዱን እያዩ ቆዩ፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጸሎተ ኪዳን ብቻ አድርሰን ሕዝቡን አሰናበትን። አንዲት እናት ሰማንያ ቀን የሞላት ሕፃን ታቅፋ መጥታ ነበር። «ለሚመጣው ሳምንት ይመጡ ይሆን?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። ከዚያ የሚበልጥ መልስ አልነበረኝም።

አባቴ በራፋቸው ሳይዘጋ ይጠብቁኝ ነበር።

«ተቀደሰ?»

«ኪዳን አድርሰናል።»

«እርሱን አልጠየቅሁህም።»

«አልተቀደሰም፣ አባቴ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከዚያም ከሐይቁ ደሴት ላይ ወደሚኖሩ፣ እርሳቸው በወጣትነታቸው ወዳስተማሯቸው አንድ መነኩሴ መልእክት እንዳደርስ አዘዙኝ። መነኩሴው ቅስና ነበራቸው። የመምህራቸውን ቃል ሰምተው በሳምንቱ በታንኳ ተሻግረው፣ የቀረውን በእግራቸው መጡ። አምስት ሆንን። ቅዳሴው ተቀደሰ፤ ሕፃኗም ተጠመቀች።

በዚያ ቅዳሜ ከመውጣቴ በፊት ሞላውን ለአንድ ሰው ላስተካክል ብረቴን ይዤ ተንበርክኬ ነበር። የማስተካክለው ነገር አልነበረም። ከፍልሰታ ጀምሮ ለአንድ ሰው ተስተካክሎ ኖሯል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መቂ ገብቼ ወደ አባቴ ሄድኩ።

«ተቀደሰ?»

«ተቀደሰ።»

«ሕፃኗስ?»

«ተጠመቀች፤ ቆረበችም።»

አማተቡና፣ «የመነኩሴው ዜማ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ከእርስዎ አይበልጥም።»

«ዋሸህ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ይበልጠኛል።»

«እንግዲያስ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ፤ ሳቃቸው ግን ወደ ሳል ተለወጠ። ውኃ አቀመስኳቸው። «ስማ» አሉኝ፤ «ከእንግዲህ ንስሐ አባትህ እርሱ ይሁን። እኔ ለቅቄሃለሁ።»

«እርስዎ እያሉ?»

«በየሳምንቱ ታገኘዋለህ። ሰው ያለ አባት አይቀመጥም፤ ይልቁንም አንተ።»

ጋቢያቸውን እስከ ትከሻቸው ሳብኩላቸው። የገና በዓል ሳይደርስ ዐረፉ። የቀበርናቸው መቂ ነው። ከሐይቁ ዳር ያሉት ሁሉ መጥተው ነበር፤ ሲመሽ ግን ወደየቤታቸው ተበተኑ።

ተዝካራቸው እስኪወጣ ድረስ ሌላ አባት አልያዝኩም። ከዚያ በኋላ በአንድ ቅዳሜ፣ እንደ ደረስኩ፣ መነኩሴውን ከቤተ ክርስቲያኗ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጉልበታቸውን ስሜ የንስሐ ልጅ ያደርጉኝ ዘንድ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ንስሐ አባት የሚይዘው ቤተሰቡን በሙሉ ነውና፣ እንደ ደንቡ ጠየቁኝ።

«በቤትዎ ማን ማን አለ?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

የቀሩትን እስክነግራቸው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያም መስቀላቸውን አነሡ።